በእንግሊዝኛ ሰነዶች ውስጥ ትርጉም የሚለውጡ ትናንሽ ቃላት፤ «ሻል»፣ «ሹድ» እና መሰሎቻቸው

በፓሪስ አቅራቢያ ለሁለት ሳምንታት ሲካሄድ የቆየው የተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ለውጥ ጉባኤ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 12 ቀን 2015 ሊጠናቀቅ ጥቂት ሰዓታት ሲቀሩት፣ የአሜሪካ ልዑካን ቡድን የሕግ ባለሙያዎች በተሰራጨው የመጨረሻ ረቂቅ ውስጥ አንድ ያልጠበቁት ቃል አገኙ። ቃሉ የሚገኘው በአንቀጽ 4 ንዑስ አንቀጽ 4 ሲሆን፣ ያደጉ አገሮች መላ ኢኮኖሚያቸውን የሚሸፍን የልቀት ቅነሳ ግብ በማስቀመጥ ግንባር ቀደምነታቸውን እንዲቀጥሉ የሚጠይቀው ዓረፍተ ነገር «ሹድ» በሚለው ቃል ፋንታ «ሻል» የሚለውን ይዞ ነበር። በማደግ ላይ ስላሉት አገሮች የሚናገረው ቀጣዩ ዓረፍተ ነገር ግን «ሹድ» እንደሚል ነበር።

በአነጋገር የሚቀራረቡት እነዚህ ሁለት ቃላት በሕግ ፊት የሚለያዩት በእጅጉ ነው። «ሻል» ግዴታን ይጥላል፤ «ሹድ» ደግሞ ምክርን ወይም የሚጠበቅን ምግባር ያመለክታል። በአሜሪካ መንግሥት አቋም መሠረት የልቀት ቅነሳ ግብ ሕጋዊ ግዴታ ሆኖ ከተጻፈ ስምምነቱ ለአገሪቱ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት መቅረብ ነበረበት፤ በዚያ ምክር ቤት ደግሞ ድጋፍ እንደማያገኝ ይታወቅ ነበር። የማጠቃለያው ስብሰባ ዘግይቶ የተጀመረውም በዚሁ ምክንያት የተነሣው ምክክር እስኪያልቅ ድረስ ነው። በመጨረሻም ለውጡ ከሌሎች የአጻጻፍ እርማቶች ጋር በንባብ ቀርቦ፣ የጉባኤው ፕሬዚዳንት የነበሩት የፈረንሳይ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሎራን ፋቢየስ ስምምነቱ መጽደቁን አበሠሩ። ኢትዮጵያም ይህን ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2017 አጽድቃ አባል ሆናለች።

ጉዳዩ የሚያስተምረው ለሕግ ባለሙያ ብቻ አይደለም። የኢትዮጵያ መንግሥት መሥሪያ ቤቶች የሚፈራረሟቸው የብድርና የእርዳታ ስምምነቶች፣ ዓለም አቀፍ የጨረታ ሰነዶች፣ የቴክኒክ ዝርዝሮችና የመግባቢያ ሰነዶች በአብዛኛው በእንግሊዝኛ የሚዘጋጁ ናቸው። ኢትዮጵያ ያጸደቀቻቸው ዓለም አቀፍ ስምምነቶች የአገሪቱ የሕግ አካል መሆናቸውን የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9 ስለሚደነግግ፣ በአንድ የእንግሊዝኛ ስምምነት ውስጥ ያለ አጭር ቃል በመጨረሻ የሚያስገድደው አገር ውስጥ ያለውን አስፈጻሚ አካል ነው።

በኦፊሴላዊ ሰነድ ውስጥ ደጋግመው ከሚገኙት ረዳት ግሦች መካከል «መስት» እና «ሻል» ግዴታን፣ «ሹድ» ምክርን፣ «ሜይ» ፈቃድን ወይም ሥልጣንን፣ «ካን» ደግሞ አቅምን ወይም መቻልን ያመለክታሉ። ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት የደረጃ ሰነዶች የሚጻፉበትን ሥርዓት በወሰነበት መመሪያው ይህንኑ ክፍፍል ይከተላል፤ በአንድ ደረጃ ውስጥ «ሻል» ተብሎ የተጻፈውን ያላሟላ ምርት ደረጃውን አሟልቷል ሊባል አይችልም፤ «ሹድ» የተባለውን ያላሟላ ግን ሊባል ይችላል። ለኢንተርኔት የቴክኒክ ደንቦች እ.ኤ.አ. በማርች 1997 የወጣውና በቁጥር 2119 የሚታወቀው ሰነድ በበኩሉ «ሹድ» ማለት «ከፈለግህ ተወው» ማለት አለመሆኑን በግልጽ አስቀምጧል። በሰነዱ መሠረት ከምክሩ ማፈንገጥ የሚቻለው በቂ ምክንያት ሲኖርና የሚያስከትለው ነገር ሁሉ ታውቆና ተመዝኖ ሲገኝ ነው። ለመረጃ ቴክኖሎጂ ዕቃዎችና ሥርዓቶች ግዥ ዝርዝር የሚያዘጋጅ ባለሙያ «ሹድ» ብሎ በጻፈው መስፈርት ምክንያት አንድን ተጫራች ከውድድር ውጪ ማድረግ የሚቸግረው ከዚህ የተነሣ ነው።

ወደ አማርኛ ሲመጣ ነገሩ ይወሳሰባል። አማርኛ ለ«መስት» የሚስማማ «አለበት» የሚል ቃል አለው። «ይገባል» ግን እንደ አገባቡ ግዴታም ምክርም ሊሆን ይችላል፤ «ሠራተኛው በሰዓቱ መገኘት ይገባዋል» የሚል ዓረፍተ ነገር ከአለቃ ደብዳቤ ላይ ሲነበብ ትእዛዝ ነው፤ ከሽማግሌ አፍ ሲሰማ ግን ተግሣጽ ወይም ምክር ነው። በመሆኑም «ሻል» እና «ሹድ» ጎን ለጎን የሚገኙበትን ሰነድ የሚተረጉም ባለሙያ ሁለቱንም «ይገባል» ብሎ ቢያልፍ፣ በፓሪስ አንድ ጉባኤ እስከ ማዘግየት የደረሰውን ልዩነት በአንድ ቃል ያጠፋዋል።

የአማርኛ ሕግ አረቃቀስ ግዴታን የሚገልጽበት ሌላ የተለመደ መንገድም አለ። ይኸውም በእንግሊዝኛው «ሻል» ያለበትን ሐረግ «ይሾማል»፣ «ይወስናል»፣ «ያቀርባል»፣ «ይሆናል» በሚሉ ተራ የግሥ ቅርጾች ማስቀመጥ ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 5 አማርኛ የፌዴራሉ መንግሥት የሥራ ቋንቋ መሆኑን የሚደነግገው በዚሁ አጻጻፍ ነው። «ይሆናል» የሚለው ቃል በዕለት ተዕለት ንግግር «ምናልባት» ማለት መሆኑ ሲታሰብ ግን ያስገርማል። «ይመጣል ወይ?» ተብሎ የተጠየቀ ሰው «ይሆናል» ብሎ ሲመልስ እርግጠኛ አለመሆኑን መግለጹ ነው፤ በአዋጅ ውስጥ የተጻፈው «ይሆናል» ግን ጥርጥርን አያስገባም። ይህንን የለመደ አማርኛ አንባቢ አይሳሳትም። ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ የሚተረጉም ጀማሪ ባለሙያ ግን ሊሳሳት ይችላል።

ከሁሉም ይበልጥ ጥንቃቄ የሚሻው «ሜይ ኖት» የሚለው ነው። በተራ ንግግር «ላይሆን ይችላል» የሚል ግምትን ሲያመለክት፣ በሕግና በውል ውስጥ ግን ፈቃድ መከልከሉን ያሳያል። «ተቋራጩ ሥራውን ለሌላ ወገን ሜይ ኖት ያስተላልፋል» የሚል አንቀጽ በአማርኛ «ላያስተላልፍ ይችላል» ተብሎ ቢተረጎም ክልከላው ወደ ምርጫ ይለወጣል፤ ትክክለኛው «ማስተላለፍ አይችልም» የሚለው ነው።

የመግባቢያ ሰነዶችን በሚመለከት ደግሞ «ሻል» እና «ዊል» ይነሣሉ። የብሪታንያ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ስለ ስምምነቶችና የመግባቢያ ሰነዶች ባወጣው የአሠራር መመሪያ መሠረት፣ በሕግ እንዲያስገድድ የማይፈለግ ሰነድ «ሻል» በሚለው ፋንታ «ዊል» የሚለውን ይጠቀማል። ፈራሚዎቹም «ተዋዋይ ወገኖች» ሳይሆን «ተሳታፊዎች» ይባላሉ፤ ሰነዱም «በሥራ ላይ ይውላል» እንጂ «የጸና ይሆናል» አይባልም። ይህንን አሠራር የሚከተል አገር «ዊል» ብሎ የጻፈው ሆን ብሎ ነው ማለት ነው። በእኛ መሥሪያ ቤቶች ግን ይኸው ዓይነት ሰነድ አንዳንድ ጊዜ «የመግባቢያ ሰነድ»፣ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ «የመግባቢያ ስምምነት» እየተባለ ይጠራል። ሁለተኛው አጠራር ሌላው ወገን በጥንቃቄ የሸሸውን «ስምምነት» የሚል ቃል በስያሜው ውስጥ የሚያስገባ በመሆኑ፣ ግዴታ አለመኖሩ በተፈለገበት ጊዜ የመጀመሪያው ተመራጭ ነው።

«ሻል» የሚለው ቃል ራሱ በእንግሊዝኛ ተናጋሪ አገሮች ዘንድ ሲያከራክር መቆየቱም ሊታወቅ ይገባል። ቃሉ በቀድሞው እንግሊዝኛ ለመጀመሪያ መደብ ተራ የትንቢት ጊዜ ማመልከቻ ነበር፤ በሕግ ውስጥም አንዳንዴ ግዴታን፣ አንዳንዴ ወደፊት የሚሆነውን፣ አልፎ አልፎም ፈቃድን ለመግለጽ ሲውል ኖሯል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1995 በሰጠው አንድ ውሳኔ፣ ቃሉ በአብዛኛው ግዴታን ቢያመለክትም የሕግ ጸሐፊዎች «ሹድ»፣ «ዊል»፣ አልፎም «ሜይ» ለማለት የሚገለገሉበት ጊዜ መኖሩን አስፍሯል። ከዚህ የተነሣ በርካታ አገሮች «ሻል»ን እየተዉ ለግዴታ «መስት» የሚለውን መርጠዋል። የደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. የ1996 ሕገ መንግሥት ግዴታን የሚገልጸው «መስት» በሚለው ነው። የአሜሪካ የፌዴራል ፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ደንቦችም እ.ኤ.አ. በ2007 በአዲስ አጻጻፍ ሲወጡ «ሻል» የነበረው ሁሉ እንደየአገባቡ «መስት»፣ «ሜይ» ወይም «ሹድ» በሚሉት ተተክቷል። ስለሆነም አንድ ባለሙያ በአንድ ሰነድ ውስጥ «ሻል» በሌላው ደግሞ «መስት» ቢያገኝ፣ ልዩነቱ የዘመንና የአረቃቀስ ልማድ እንጂ የግዴታው መጠን ልዩነት ላይሆን እንደሚችል መገንዘብ ይኖርበታል።

ከረዳት ግሦች ያነሰች፣ በአማርኛም ራሷን የቻለ ቃል የማትወከል ሌላ ቃል ደግሞ «ዘ» ናት። ይህች ቃል ስለ አንድ የታወቀ ወይም የተወሰነ ነገር መነገሩን የምታመለክት ስትሆን፣ አማርኛ ይህንኑ በቃል መጨረሻ በሚጨመር ቅጥያ ይገልጸዋል፤ «ሰነድ» እና «ሰነዱ» እንደሚባለው ነው። የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 22 ቀን 1967 በሙሉ ድምፅ ያሳለፈው 242ኛው ውሳኔ የዚህች ቃል አለመኖር ምን ያህል እንደሚያከራክር ያሳያል። የውሳኔው የእንግሊዝኛ ቅጂ በዚያው ዓመት ጦርነት የእስራኤል ጦር ከያዛቸው ግዛቶች እንዲወጣ ሲጠይቅ «ግዛቶች» ከሚለው ቃል በፊት «ዘ» አላስቀመጠም። የፈረንሳይኛው ቅጂ ደግሞ ስለ ተወሰኑት ግዛቶች እንደሚናገር ሆኖ ይነበባል። እስራኤል እንግሊዝኛውን በመያዝ ውሳኔው ከሁሉም ግዛቶች መውጣትን አይጠይቅም ስትል፣ የዐረብ አገሮች በበኩላቸው የሚጠይቀው ከሁሉም እንደሆነ ሲከራከሩ ቆይተዋል። ኢትዮጵያ በዚያ ጊዜ ተለዋጭ የምክር ቤቱ አባል ስለነበረች ውሳኔው በአዲስ አበባም ድጋፍ ከሰጡት አገሮች አንዷ ሆና የምትታወስበት ነው።

ወደ መሥሪያ ቤቶች የዕለት ተዕለት ደብዳቤ ስንመለስ፣ ጊዜን የሚመለከቱት «ባይ» እና «አንቲል» የሚሉት ቃላት በብዛት ይምታታሉ። ምክንያቱም ሁለቱም ወደ አማርኛ ሲመለሱ «እስከ» ስለሚሆኑ ነው። «ባይ» አንድ ጊዜ የሚፈጸም ነገር ሊያልፈው የማይገባውን ቀን ይወስናል፤ ሪፖርት የሚቀርበው «ባይ» የተባለው ቀን ሳያልፍ ነው። «አንቲል» ግን ያለማቋረጥ የሚቀጥል ነገር የሚያበቃበትን ያመለክታል፤ መሥሪያ ቤቱ ማመልከቻ የሚቀበለው «አንቲል» እስከተባለው ቀን ነው። አማርኛው ልዩነቱን የሚያወጣው በግሡ እንጂ «እስከ» በሚለው አይደለም። በተመሳሳይ መንገድ «ኢን 30 ቀናት» የሚለው ብዙውን ጊዜ ሠላሳው ቀን ሲሞላ ማለት ሲሆን፣ «ዊዚን 30 ቀናት» ደግሞ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሠላሳው ሳያልፍ በማንኛውም ቀን ማለት ነው። በዚህ ላይ የዘመን አቆጣጠሩ ልዩነት ይጨመራል። «ባይ ጁን 30» የሚል የውጭ አገር ደብዳቤ የሚያመለክተው ሰኔ 23 ቀንን ነው። የበጀት ዓመቱ የሚዘጋበትን ሰኔ 30 የለመደ ሠራተኛ ቀኑን በዚያው ቢያነበው ሰባት ቀን ይዘገያል።

በአነባበብ የሚመሳሰሉ ሆነው በሆሄ የሚለዩትም ጥቂት አይደሉም። «ፐርሰናል» የግል ማለት ሲሆን «ፐርሶኔል» የሰው ኃይልን ወይም ሠራተኞችን የሚመለከት ነው። የሠራተኛ ማኅደር በስህተት «የግል ማኅደር» ተብሎ ሲተረጎም የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው፤ ማኅደሩ የመሥሪያ ቤቱ እንጂ የሠራተኛው የግል ንብረት አይደለም። «ፕሪንሲፓል» በብድር ስምምነት ውስጥ ወለድ የሚታሰብበት ዋናው ገንዘብ ሲሆን፣ በንግግር ከእርሱ የማይለየው «ፕሪንሲፕል» ደግሞ መርህ ማለት ነው። «አዶፕት» አንድን ሕግ ወይም ውሳኔ ማጽደቅ፣ «አዳፕት» ግን ከሁኔታዎች ጋር ማጣጣም ነው። በአየር ንብረት ለውጥ ሰነዶች ሁለቱም በአንድ ገጽ ላይ የሚገኙ በመሆናቸው ስብሰባው የአካባቢን አስተያየት «አዶፕት» አደረገ የተባለው «አጣጣመ» ተብሎ ሊጻፍ ይችላል። «ኢንሹር» የሚባሉት ሁለቱ ቃላት ደግሞ በአማርኛ ፊደል ሲጻፉ ጨርሶ አይለዩም፤ አንዱ ማረጋገጥ፣ ሌላው የመድን ዋስትና መግባት ነው። ለተቋራጭ ከሚሰጠው ውል ውስጥ የትኛው እንደተጻፈ መመልከት የዓረቦን ወጪ በማን ላይ እንደሚወድቅ መመልከት ነው።

ለአማርኛ ተናጋሪ ይህ ሁሉ እንግዳ ሊሆን አይገባም። «ገና» የሚለው ቃል ላልቶ ሲነበብ አንድ፣ ጠብቆ ሲነበብ ሌላ ነው፤ «አለ»፣ «ዋና» እና «ይበላል»ም እንዲሁ ናቸው። ፊደሉ መጥበቅና መላላትን ስለማያሳይ አንባቢው ከአገባቡ ይለየዋል። ባለቅኔው ይህንን ለሰምና ወርቅ ይጠቀምበታል፤ የውል አርቃቂ ግን ሊሸሸው ይገባል።

የአገር ውስጥ ሕጎችን በተመለከተ ችግሩን የሚያቃልል ድንጋጌ አለ። በ1987 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ ማቋቋሚያ አዋጅ ቁጥር 3 ጋዜጣው በአማርኛና በእንግሊዝኛ እንዲወጣ ደንግጎ፣ በሁለቱ መካከል ልዩነት ሲፈጠር አማርኛው የበላይነት እንዲኖረው አድርጓል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 106ም የመጨረሻው ሕጋዊ እውቅና ያለው የአማርኛው ቅጂ መሆኑን ይገልጻል። ከውጭ ድርጅቶች ጋር በሚደረጉ ስምምነቶች ግን የትኛው ቋንቋ እንደሚገዛ የሚወሰነው በስምምነቱ ውስጥ በሚገባ አንቀጽ ነው። እ.ኤ.አ. የ1969 የቪየና የስምምነቶች ሕግ ኮንቬንሽን በአንቀጽ 33 እንዳስቀመጠው፣ አንድ ስምምነት ከአንድ በላይ በሆኑ ቋንቋዎች ጸንቶ ሲገኝና ስምምነቱ አንዱን ካላስበለጠ ሁሉም ቅጂዎች እኩል ዋጋ አላቸው። ልዩነቱ በሌላ መንገድ ካልተፈታም የስምምነቱን ዓላማ መሠረት አድርጎ ቅጂዎቹን የሚያስታርቅ ትርጉም ይወሰዳል። በውጫሌ ውል አንቀጽ 17 የአማርኛና የጣሊያንኛ ቅጂዎች ልዩነት ምክንያት አድዋ የደረሰች አገር ለዚህ አንቀጽ ሩቅ አይደለችም።

እስካሁን የተነሡት በወረቀት ላይ ሰፍረው ደግሞ ደጋግሞ ማንበብ የሚቻልባቸው ናቸው። ቃሉ በሬዲዮ በሚነገርበት የበረራ ሥራ ግን መልሶ ለማንበብ ጊዜ የለም።

እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 19 ቀን 1989 ከሲንጋፖር ተነሥቶ ወደ ኳላላምፑር ይበር የነበረ የፍላይንግ ታይገር ኩባንያ ቦይንግ 747 የጭነት አውሮፕላን ለማረፍ ሲቃረብ፣ የበረራ ተቆጣጣሪው ወደ 2 ሺህ 400 ጫማ እንዲወርድ ነገረው። ተቆጣጣሪው የተጠቀመው ቁጥሮቹን አንድ በአንድ በመጥራት ነበር፤ ይኸውም «ውረድ፣ ቱ ፎር ዜሮ ዜሮ» የሚል ነው። በእንግሊዝኛ «ሁለት» እና «ወደ» የሚሉት ሁለት ቃላት አነባበባቸው አንድ ዓይነት «ቱ» በመሆኑ፣ አብራሪዎቹ የሰሙት «ወደ 400 ውረድ» የሚል ትእዛዝ ሆነ። «እሺ፣ ፎር ዜሮ ዜሮ» ብለው ሲመልሱም ያረማቸው አልነበረም። የመሬት መቃረብን የሚያስጠነቅቀው መሣሪያ ቢጮህም ምላሽ ሳያገኝ ቀርቶ፣ አውሮፕላኑ ከባሕር ጠለል በላይ 437 ጫማ ላይ ከኮረብታ ጋር ተጋጨ። በውስጡ የነበሩት አራቱም ሰዎች ሞቱ። ትክክለኛው አጠራር ሺሁንና መቶውን በስማቸው ጠርቶ «ሁለት ሺህ አራት መቶ» ማለት ነበር፤ ያ ቢሆን ኖሮ «ቱ» የምትለው ድምፅ ከ«ሺህ» ጋር ስለምትጣበቅ መስተዋድድ ልትመስል አትችልም ነበር። የብሪታንያ የሬዲዮ አጠራር መመሪያ በበረራ ደረጃ ቁጥር በሚሰጡ መልእክቶች ውስጥ «ወደ» የሚለው «ቱ» ጨርሶ እንዳይነገር ያዝዛል።

ከዚህ አሥራ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. ማርች 27 ቀን 1977፣ በስፔን የካናሪ ደሴቶች በቴነሪፍ አውሮፕላን ማረፊያ በደረሰው አደጋም አንዲት መስተዋድድ ነበረችበት። ለመንደርደር ተሰልፎ የነበረው የኔዘርላንድስ ኬኤልኤም አውሮፕላን ረዳት አብራሪ በሬዲዮ «አሁን አት ቴክኦፍ ነን» የሚል ድምፅ አሰማ። አብራሪው ሊል የፈለገው መነሣት መጀመራቸውን እንደነበር ሲታመን፣ ተቆጣጣሪው ግን «አት» የምትለውን ቃል ቦታን እንደምታመለክት ወስዶ አውሮፕላኑ በመነሻው ላይ ቆሞ ፈቃድ እየጠበቀ መሆኑን ተረዳ። በዚያው አፍታ ሌላ የሬዲዮ መልእክት በላዩ ተደርቦ ስለነበር ቀሪው ንግግር በግልጽ አልተሰማም። በጭጋጉ ውስጥ በዚያው መንደርደሪያ ላይ ይጓዝ ከነበረው የፓን አም አውሮፕላን ጋር በደረሰው ግጭት 583 ሰዎች ሞቱ።

ከዚያ በኋላ በወጣው ዓለም አቀፍ አሠራር መሠረት «ቴክኦፍ» የሚለው ቃል የሚነገረው የመነሣት ፈቃድ ሲሰጥ ወይም ሲሰረዝ ብቻ ሲሆን፣ በሌላው ጊዜ ሁሉ «ዲፓርቸር» ይባላል። ፈቃድ የተሰጠው አብራሪም የተቀበለውን ቃል በቃል መልሶ ማሰማት ይጠበቅበታል። ከቁጥሮችም ዘጠኝ በ«ናይን» ፋንታ «ናይነር»፣ አምስት ደግሞ በ«ፋይቭ» ፋንታ «ፋይፍ» እየተባሉ ይጠራሉ፤ ሁለቱ በጫጫታ መካከል እንዳይምታቱ ሲባል ነው። ዓለም አቀፍ በረራ የሚያደርጉ አብራሪዎችና የሚያስተናግዷቸው ተቆጣጣሪዎች ቢያንስ አራተኛውን የእንግሊዝኛ ችሎታ ደረጃ ማሟላት እንዳለባቸው የሚያስገድደው የዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት መስፈርት እ.ኤ.አ. ከማርች 2008 ጀምሮ ተፈጻሚ ሆኗል። በድርጅቱ ሰነዶች ውስጥ ይህ መስፈርት የተጻፈው «ሻል» በሚለው ቃል ነው።